መጋረጃ አንገዛም!

ጎበዝ! እኛን የመካነ ኢየሱስ ልጆች «ገንዘብ አዋጡና ጣና ላይ የምትሠራ ያገለገለች ባለካቢን ጀልባ ግዙ፤ ቱሪስት ካቢን ይወዳል» የሚለን በዝቷል። የሚያሳዩን የካቢኑን መጋረጃ ነው፤ ሞተሩንስ?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ካቢኑ ደግሞ ክብደት ይጨምርበታል። እምቦጩም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። መለዋወጫውስ? በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በተጎታች ስትነሣ መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ አይተናል፤ የእኛም ዕቃ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባዋ ከውኃ ትውጣና ሆዷን እንይ። ሰው ሞልቶባት ሞተሩ ይሞከር። ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለን ግዢው ይቅር። ሻጩ እንቢ ካለ ከነመጋረጃው ደኅና ይሰንብት!