ከአሜሪካ የመጣው ስልክና ዝም ያለችው ልጅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ስልክ ነው። ስለ እናቴም ነው ብል ይሻላል።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለፋሲካ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ለእማዬ ስልክ ላከችላት። የእማዬ አሮጌ ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የልጅ ልጇን ፊት የምታየው በስንጥቁ መሃል ነበር። አዲሱ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ጽሑፉም ያለ መነጽር ይነበባል። እህቴ በሌሊት ፈረቃ ሥራዋ ቆጥባ ነው የገዛችው። ሻጩም "ሎኩ የተከፈተ ነው፣ የየትኛውንም አገር ሲም ይቀበላል" ብሏታል። እውነትም ሲሙን ስናስገባ ተቀበለ። ደወልን፣ ጠራ። እማዬ ስልኩን ስማ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

የልጅ ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። እሁድ ማታ ማታ በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ ያቺ ሰዓት ለእማዬ ከቅዳሴ ቀጥላ የምትመጣ ናት። ወር ሳይሞላ ግን ምክንያት መደርደር ጀመረች። አንድ እሁድ "ዳታዬ አልቋል"፣ በሌላው "ራሴን አሞኛል"። አንድ ቀን ቡና እያፈላች ጠየቅኋት።

"ልጅቷ ጠልታኛለች መሰለኝ" አለችኝ ከሰሉን እየቆሰቆሰች። "ስጠይቃት አፍጥጣ ታየኛለች እንጂ አትመልስልኝም። እኔ አፍሬ ሌላ ወሬ ስጀምር ደግሞ ትስቃለች።"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ከላይ፣ ከሲግናሉ ጎን "ኢ" የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀምጣለች። ይህች ፊደል ስልኩ በጥንቱ በቱጂ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ሦስት ሜጋባይት ያላት አንዲት ፎቶ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ቪዲዮማ ፊቱ ደርቆ ይቆማል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ልጅቷ አልዘጋቻትም፤ መልሷ መንገድ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የወቀስኩት ኔትወርኩን ነው፤ እንደ ሁላችንም። ቀጥሎ ሴቲንጉ ውስጥ ገባሁ። የኔትወርክ ምርጫው ቱጂ ላይ ብቻ ተቆልፎ እንደሆነ አየሁ፤ አልነበረም። ለሌላ ኩባንያ የተሠራ ስልክ የድሮውን ኩባንያ የኢንተርኔት መግቢያ አድራሻ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ እሱንም በዚህ አገሩ ቀየርኩት፣ አጥፍቼ አበራሁት። ብዙ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ይፈታለታል። የእኛ "ኢ" ንቅንቅ አላለችም።

መገናኛ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው። ልጁ ብዙ አላወራም። ሲሙን አውጥቶ በራሱ ስልክ ውስጥ ከተተው፤ ወዲያው ፎርጂ አመጣ። ሲሙም ኔትወርኩም ነፃ ወጡ። ከዚያ የስልኩን ሞዴል ቁጥር ፈልጎ አነበበና "እማማ፣ ሎኩ ተከፍቷል፤ ግን የእኛን ሞገድ አይሰማም" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ሬዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ኩባንያ ተብለው የሚሠሩ ርካሽ ስልኮች የሚገጠምላቸው በዚያ የሚሠራበት ሞገድ ነው፤ 700፣ 1700፣ 1900 ሜጋኸርትዝና የመሳሰሉት። እዚህ ደግሞ ፎርጂ በ1800፣ ስሪጂ በ2100 ይሠራል። የእማዬ ስልክ ሁለቱም የሉትም። የቱጂው 900 ስላለው ግን መደወል ይችላል። እኛን ያታለለንም ይኸው ነው። ሎክ መክፈት የሌላ ኩባንያ ሲም እንዲቀበል ያደርጋል እንጂ የሌለውን ሞገድ አይጨምርለትም፤ ሶፍትዌር ቢጫንበትም ያው ነው። እናም ልጆቻችሁ "ስልክ ልላክ" ሲሏችሁ፣ ከመግዛታቸው በፊት የሞዴሉን ቁጥር ልከውላችሁ እነዚህ ሞገዶች መኖራቸውን እዚህ ያለ ጠጋኝ ይይላችሁ። ከካሜራው ይልቅ ይህን ጠይቁ።

ታክሲ ውስጥ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "ለእህትሽ እንዳትነግሪያት! እንቅልፏን አጥታ የገዛችልኝን ዕቃ አይረባም ልበላት?"

ቤት ስንደርስ አሮጌውን ስልክ ከመሳቢያ አወጣሁ። መስታወቱ ቢሰነጠቅም ፎርጂው ደህና ነው። ሲሙን ወደ እሱ መልሼ ሆትስፖት ከፈትኩና አዲሱን ስልክ በዋይፋይ አገናኘሁት። ዳታውን አሮጌው ይቀበላል፣ ፊቱን አዲሱ ያሳያል። አሮጌው ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ለአንድ ሰዓት ወሬ ግን ይበቃል።

እሁድ ማታ ልጅቷ ስትመጣ እማዬ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ወዲያው መለሰች። የወለቀ የፊት ጥርሷን ወደ ካሜራው አስጠግታ አሳየቻት። እማዬ እንደ ድሮው ለመጠበቅ ትንፋሿን ይዛ ስለነበር መልሱ ሲደርስ ደነገጠች።

ምስጢሩን አልጠበቅኩም። እህቴ ደሴ ላለችው አክስታችን ያንኑ ዓይነት ስልክ ልትገዛ እንደሆነ ስሰማ ለብቻዋ ደውዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እኔስ ለእናንተ እንዴት ልንገራችሁ ብዬ ነበር" አለችኝ። "ልጅቷ 'እማማ ተቆጥታኛለች? ለምን አትመልስልኝም?' እያለች ስታስቸግረኝ ነው የከረመችው።"

እማዬ እህቴ ማወቋን እስካሁን አታውቅም። ቅዳሜ ማታ ሲሆን አሮጌውን ስልክ ታቀብለኝና በሹክሹክታ "ቻርጅ አድርጊልኝ" ትለኛለች።