«ባለቤቱ ይውጣ» የሚለው ጩኸት መቼ ነው የሚሠራው?

ማንቼ በተሸነፈ ቁጥር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አሠልጣኙ ይሰደባል፣ ቀጥሎ ተከላካዩ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ «ችግሩ ግሌዘሮቹ ናቸው!» ይልና ሁሉም ይስማማል። ከዚያ ስልክ ይወጣና በክለቡ ገጽ ሥር «ግሌዘር ውጣ» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ ከተጀመረ ሃያ ዓመት ሆነው። ግሌዘሮቹ ግን አልወጡም። ታዲያ የደጋፊ ተቃውሞ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ደጋፊ ባለቤትን ያሸነፈባቸው ጊዜያት አሉ። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማልኮም ግሌዘር በ2005 ዩናይትድን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲጠቀልል ከገንዘቡ አብዛኛው ብድር ነበር። የዕዳው ትልቁ ክፍል የተጫነው ደግሞ በክለቡ ላይ ነው። ወደ ሰፈር እናምጣው፦ አንድ ሰው የሰፈራችሁን ሱቅ ተበድሮ ገዛ እንበል። ብድሩንና ወለዱን የሚከፍለው ግን ከሱቁ የዕለት ሽያጭ ነው። አዲስ ፍሪጅ ሊገዛበት የነበረው ብር ባንክ ገባ ማለት ነው። የደጋፊው ቁጣ መነሻ ይኼ ነው።

የተቆጡት ዝም አላሉም። አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። በ2010 ደግሞ ብዙዎች የክለቡ የጥንት ስም የኒውተን ሂዝ መለያ የሆነውን አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ አንገታቸው ላይ አሰሩ። ቤካም እንኳ ለሚላን ሊጫወት ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ ሲወጣ አጠለቀው። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። ትኬቱ ግን ይሸጥ ነበር፣ ማሊያውም ይሸጥ ነበር። የባለቤቱ ኪስ አልተነካም።

አሁን ሊቨርፑልን እዩ። በ2016 መጀመሪያ ክለቡ ለቀጣዩ የውድድር ዓመት በጣም ውዱን ትኬት 77 ፓውንድ ሊያደርግ መሆኑን አሳወቀ። ፌብሩዋሪ 6 ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወት ቡድኑ 2 ለ 0 እየመራ፣ ልክ በ77ኛው ደቂቃ 10 ሺህ የሚጠጉ ደጋፊዎች ተነስተው ወጡ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ጭማሪውን ሰረዙት። ደጋፊው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ መልሱም «እሺ» ወይም «አይሆንም» ነው። ባዶው ወንበር ደግሞ በቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ።

ኤፕሪል 2021 ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። 12 ክለቦች ሱፐር ሊግ እንመሠርታለን አሉ። የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ደጃፍ መንገድ ዘጉ። ተጫዋቾች፣ አሠልጣኞችና የእንግሊዝ መንግሥትም ተቃወሙ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ።

ሜይ 2 ላይ የዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድን ጥሰው ሲገቡ ግን ነገሩ ተደበላለቀ። የሊቨርፑል ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ ይኼ ለባለቤቶቹ ትልቅ መልእክት ነበር። አንድ ፖሊስ ፊቱ ላይ ቆሰለ፤ ወሬው ግማሹ ከክለቡ ዕዳ ወደ ጠርሙስ ውርወራ ዞረ። ሁከት ለባለቤቱ መደበቂያ ይሆነዋል።

ግሌዘሮቹ በ2022 መጨረሻ ሽያጭን እንደ አማራጭ እናያለን አሉ። በፌብሩዋሪ 2024 ሰር ጂም ራትክሊፍ 27.7 በመቶ ገዝተው የእግር ኳሱን ሥራ ያዙ። በዚያው ዓመት በውድድሩ አጋማሽ፣ ለአባላት የቀሩት ትኬቶች ለሕፃንም ለጡረተኛም ቅናሽ የሌላቸው 66 ፓውንድ ሆኑ። ደጋፊው እንደገና ሰልፍ ወጣ። «ይውጣ» የሚለው መፈክር ማን ይግባ፣ በምን ደንብ ይግባ የሚለውን አይመልስም።

ጀርመኖች የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው። እዚያ በአብዛኞቹ ክለቦች የድምፅ ብልጫው በሊጉ ደንብ የአባላቱ ነው። ሊጉ ከቴሌቪዥን ገቢው ለባለሀብት ሊያካፍል ሲያስብ ደጋፊዎች ሜዳ ላይ የቴኒስ ኳስ እየወረወሩ ጨዋታ አስቋረጡ። በፌብሩዋሪ 2024 ዕቅዱ ተተወ። ቴኒስ ኳስ ማንንም አያቆስልም፣ የቴሌቪዥን ሰዓት ግን ይበላል።

እኛስ? በ77ኛው ደቂቃ ከዲኤስቲቪ ቤት ብንወጣ አንፊልድ ላይ የሚጎድል ወንበር የለም። ግን ተመልካች ተብለን ተቆጥረናል። የሱፐር ሊግ ሰዎች ሲሟገቱ በዓለም ዙሪያ ያለውን ተመልካች ይጠቅሱ ነበር፤ እኛን ማንም ሳይጠይቀን ማለት ነው።

ጉልበታችን የሚደርስበት ግን ቅርብ አለ። ከሊጋችን ክለቦች ብዙዎቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ተጫዋቾች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ሲያቆሙም በተደጋጋሚ ሰምተናል። እዚያ ባለቤቱ ሩቅ አገር ያለ ባለሀብት አይደለም። ብሩም የሕዝብ ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው «ግሌዘር ውጣ» በፊት አንዲት ጥያቄ የከተማችሁ ክለብ ገጽ ላይ ጻፉ፦ ዘንድሮ የተመደበው በጀት ስንት ነው፣ የተጫዋቾች ደመወዝስ እስከ የትኛው ወር ተከፍሏል? ስድብ አትጨምሩበት። መልስ እስኪመጣ ግን ደጋግማችሁ ጠይቁ።