«12» ማለት ብቻ አይበቃም

የአጋሮና የሊሙ ገነት ሰው የቡናን መድረቅ በጥርሱ ነክሶ ያውቃል። በዛሬ ጊዜ ግን የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ መጥቶ ቍጥር ይናገራል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ፥ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና እርጥበቱ ከመቶ ከ8 እንዳያንስ፥ ከ12.5ም እንዳይበልጥ መክሯል። እንግዲህ በ12ና በ13 መካከል ያለው ለገበሬው የልጆቹ ደብተር ነው።

እኔ ግን በበኩሌ እጠይቃለሁ፤ «12» የተባለው የምን ነው? የጀንፈሉ ነው ወይስ የቅሽሩ? መሣሪያው የተስተካከለው ለቡና ነው ወይስ ለበቆሎ? ብዙው መሣሪያ እኮ ውሃውን አያየውም፤ በፍሬው ውስጥ የኤሌክትሪክን ጠባይ ለክቶ ይገምታል እንጂ። ሙቀቱ ሲለወጥ ግምቱም ሊሳሳት ይችላል። ሰው ቢጠራጠር ይጠይቃል፤ የፋብሪካ ኮምፒዩተርና ሮቦት ግን ያልተጻፈላቸውን አያውቁም።

ስለዚህም ደብልዩ ሦስት ሲና ኦ ጂ ሲ የተባሉት ማኅበሮች እ.ኤ.አ. በ2017 ሶሳ የሚባል የሴንሰር መግለጫ ሥርዐት አወጡ። በዚህ ሥርዐት የትኛው ሴንሰር ለካ፥ የምኑን ለካ፥ በምን ዘዴ፥ መቼ፥ ምን አገኘ የሚሉት ኹሉ ለየብቻቸው ቦታ አላቸው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይኽ ለሮቦት አገር ነው» ይላሉ። አልስማማም፤ ሮቦት እኮ አይራብም። በየመረከቢያው ደረሰኝ ላይ ከቍጥሩ ጋራ የመሣሪያው ዐይነት፥ የቡናው ሁኔታና ሰዓቱ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ። እኛም ተማሪዎች ከየቤታችን ጀንፈል አምጥተን፥ ቀሽረን፥ መርማሪዎች እንደሚያደርጉት በ105 ዲግሪ አድርቀን ክብደቱን እንመዝንና ከመሣሪያው ቍጥር ጋራ እናስተያየው።