«ነው» ከማለት በፊት

ከአሮጌ ዕቃ መካከል የአንድ እንግዳ አውቶሞቢል ፎቶግራፍ ብታገኙ በመጀመሪያ የምትጠይቁት «ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት «በግልጽ የሚታየው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በተለይም አውቶሞቢሉ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት በባለሙያ እጅ የተለወጠ ሲሆን፣ በአንድ ምልክት ብቻ ስም መስጠት ያሳስታል።

ለዚህም እውነተኛ ምሳሌ አለ። ቦብ ሂሮሃታ የተባለው አሜሪካዊ በ1951 እ.ኤ.አ. የተሠራ መርኩሪ አውቶሞቢሉን በ1952 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ለባሪስ ወንድማማቾች ጋራዥ ሰጠ። ባትላሜራዎቹ ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት፤ የበሮቹን እጀታ አነሡ፤ የፊቱን ፍርግርግ ከፎርድ፣ የጎኑን ጌጥ ከቡዊክ፣ የኋላ መብራቱን ከሊንከን ወስደው ገጠሙበት። ሦስት ሰዎች ፎቶግራፉን አይተው አንዱ በፊቱ፣ ሁለተኛው በጎኑ፣ ሦስተኛው በጀርባው ብቻ ቢፈርዱ ሦስቱም ማስረጃ ይዘው ሦስቱም ይሳሳታሉ።

ስለዚህ ለመለወጥ ቀላል የሆነውን ከአስቸጋሪው ለዩ። መብራት፣ ጌጥና ቸርኬ በቀላሉ ይለወጣሉ፤ የአካሉ ጠቅላላ ቅርጽ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። ቀጥሎ ታርጋውን መርምሩ። ካሊፎርኒያ 3 ፊደላትና 3 አኃዞች ያሉበትን ታርጋ ማደል የጀመረችው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ ታርጋ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከዚያ በፊት ሊነሣ አይችልም። ይሁን እንጂ ታርጋው የፎቶግራፉን ዘመን እንጂ አውቶሞቢሉ የተሠራበትን ዓመት አይነግረንም።

«በጀርባው የተጻፈው አይበቃምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ማን መቼ እንደ ጻፈው ያልታወቀ ጽሑፍ ግን ራሱ ምስክር ያስፈልገዋል።

ጉዳዩ የአንድ ተሽከርካሪ ስም ብቻ አይደለም። የሂሮሃታ መርኩሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ከአሮጌ መኪና መሸጫ በ500 ዶላር ተገዝቶ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ግን በጨረታ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከዋጋው ይበልጥ የሚከብደው ግን የሠራተኛው ድካም ነው፤ በስሕተት የተሰጠ ስም የአንዱን ሥራ ለሌላው ያስረክባል።

እንግዲህ ስትጽፉ ያረጋገጣችሁትን «ነው»፣ የገመታችሁትን «ይመስላል»፣ ያላገኛችሁትን «አይታወቅም» በሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ችኩል ጸሐፊም ያላየውን ይመሰክራል።