ገመዱን አትለፉ

«ሰው እያለቀ አንተ ዝሆን ስታይ ትውላለህ?» አለኝ አንድ ወዳጄ። ከናይሮቢ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ማኪያቷችንን ይዘን ቁጭ ብለን፣ ያየሁትን ልነግረው ገና አፌን ስከፍት በዚህች ጥያቄ ዘጋኝ። መቼም ይህቺን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። አንዴ ከተወረወረች ተናጋሪው ያፍራል፣ ጨዋታው ወደ ዘይትና ወደ ቤት ኪራይ ይዞራል። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የዛሬው ጽሑፍ ለወዳጄ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ናይሮቢ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝ። እዚያው ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሼልድሪክ የዱር እንስሳት ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ እናቶቻቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ቦታ አለ። እጓለ ማውታ ማሳደጊያ በሉት። ለጎብኚ የሚከፈተው በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 እስከ 6። ቀድሞ ያልተመዘገበ አይገባም። የገባም ቢሆን በገመድ ዙሪያ ይቆማል፤ በቃ።

ሰዓቱ ሲደርስ ግልገሎቹ ደወል የተደወለላቸው ተማሪዎች ይመስል ከቁጥቋጦው ውስጥ ተከታትለው ብቅ አሉ። ሞግዚቶቻቸው አረንጓዴ ካፖርት ለብሰው፣ የሚያካክሉ ጡጦዎች ይዘው ይጠብቋቸዋል። አንዷ ጡጦዋን በኩምቢዋ ጠምጥማ ራሷ ይዛ ትጠጣለች። ሌላው የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ለመንጠቅ ይጋፋል። ከዚያ በኋላማ ጭቃ ውስጥ መንከባለል ነው።

አጠገቤ የቆመው ጎብኚ የአገሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ልጁን ይዟል። አንዱን ሠራተኛ ጠርቶ ልጁ ገብቶ ከግልገሎቹ ጋር ፎቶ እንዲነሳ ለመነው። ሠራተኛው በትህትና እምቢ አለ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየህልኝ ወንድሜ? ገንዘባችንን ተቀብለው በገመድ ያጥሩናል። ታይላንድ ብትሄድ እኮ ጀርባው ላይ ያወጡሃል፣ ወንዝ ወርደህ አብረኸው ትታጠባለህ» አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ ተስማምቻለሁ። ከዝሆን ጋር ፎቶ ሳይነሱ መመለስ ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

ይኼኔ ነው አንዱ ሞግዚት ማይክራፎን ይዞ የእያንዳንዱን ግልገል ታሪክ መናገር የጀመረው። የአንዷን እናት የጥርስ አዳኞች ገድለዋታል። አንዱ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ መንጋው ጥሎት ሄዷል። የሌላው እናት በድርቅ አልቃለች። ድርቁ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ፣ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ኬንያ ውስጥ 205 ዝሆኖች መሞታቸውን የአገሪቱ መንግሥት ይፋ አድርጓል።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋሙት ዳፍኒ ሼልድሪክ ናቸው፤ የምሥራቅ ፃቮ ብሔራዊ ፓርክ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ባለቤታቸው ዴቪድ ሼልድሪክ በሞቱበት ዓመት። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 አርፈዋል። የእኚህ ሴት ታሪክ ሲሰማ ደግነት ምን ያህል አሰልቺ ሥራ እንደሆነ ይገባል። የዝሆን ግልገል የላም ወተት ስብ አይስማማውም። ስለዚህ ጡት ያልጣለ ግልገል ሲመጣላቸው ይሞክራሉ፣ ይሞትባቸዋል። ደግሞ ይሞክራሉ፣ ደግሞ ይሞትባቸዋል። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ነው የኮኮናት ስብ ያለበት ወተት መፍትሔ ሆኖ የተገኘው። ያንን ወተት ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ የሚያጠባ ሰው ያስፈልጋል።

ዓይሻ የምትባል ግልገል ነበረቻቸው። እንደ እናቷ ለምዳቸው፣ ጥላቸው ሆና አደገች። እ.ኤ.አ. በ1974 ልጃቸውን ሊድሩ ለጥቂት ቀናት ራቅ ሲሉ ግልገሏ መብላት አቆመች፤ ሞተች። በወተት እጥረት አይደለም፤ በናፍቆት ነው። ሴትዮዋ ከዚያ የተማሩት ትምህርት ዛሬም የቤቱ ሕግ ነው። ሞግዚቶቹ ሌሊቱን ከግልገሎቹ ጋር በረት ውስጥ ያድራሉ፤ ግን በየምሽቱ ይቀያየራሉ። አንድም ግልገል አንድን ሰው ብቻ የሙጥኝ ብሎ እንዳይዝ። እስቲ አስቡት፤ ፍቅሩን ሰጥቶ፣ ፍቅሩ የእኔ ብቻ ይሁን እንዳይል የተደረገ ሰው ነው ሞግዚቱ።

ግልገሎቹ ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጉ ወደ ፃቮ ይወሰዳሉ። እዚያም በአንድ ጀምበር አይለቀቁም። ቀን ቀን ከዱር ዝሆኖች ጋር እየዋሉ፣ ማታ ማታ እየተመለሱ ዓመታት ይፈጃሉ። አንድ ቀን ማታ አይመለሱም፤ የድርጅቱ ትልቁ ደስታ ያቺ ማታ ነች። በዚህ መንገድ ከ300 በላይ ዝሆኖች አድገዋል። ዱር ገብተው ከወለዱ በኋላ ግልገላቸውን ይዘው ያሳደጓቸውን ሰዎች ሊያዩ ብቅ የሚሉ እናቶችም አሉ። ከፈለጉ ማለት ነው፤ ካልፈለጉም መብታቸው ነው።

አሁን ወደዚያ ሰውዬ እንመለስ። ታይላንድ ጀርባው ላይ ያወጡሃል ያለው እውነቱን ነው። ግን ዝሆን ሰው በጀርባው አዝሎ ሊዞር አልተፈጠረም። ለመጋለብ እንዲገራ ገና በግልገልነቱ ከእናቱ ተነጥሎ፣ በጠባብ አጥር ተጠፍሮ፣ እየተቸነከረና እየተደበደበ «አሻፈረኝ» የሚል ልቡ ይሰበራል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ደን መቁረጥን ስትከለክል ግንድ ይጎትቱ የነበሩ ዝሆኖች ከነባለቤቶቻቸው ሥራ ፈቱ። የቀራቸው እንጀራ ቱሪስት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት በእስያ ለቱሪዝም የሚያገለግሉ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ዝሆኖችን ሁኔታ አጥንቶ፣ ከአራቱ ሦስቱ በከባድ ጭካኔ ውስጥ እንዳሉ ዘግቧል።

ይህ ወሬ ሲዛመት ነጋዴው ምን አደረገ መሰላችሁ? ታፔላ ቀየረ። ትናንት «የዝሆን ካምፕ» የነበረው ዛሬ «መጠለያ» ነው። ኮርቻው ወርዷል፤ በምትኩ ዝሆኑ ከጠዋት እስከ ማታ በየተራ የሚመጣ ሰው ያጥበዋል። በቀን አሥር ጊዜ የሚታጠብ ዝሆን ንጽህና ፈልጎ አይመስለኝም። እዚያም ቢሆን ጎብኚን ከሩቅ የሚያቆሙ እውነተኛ መጠለያዎች እንዳሉ አልክድም። ግን እንዴት እንለያቸው? የእኔ መለኪያ አንዲት ናት፤ መጠለያው ለእኔ ለከፋዩ እምቢ የሚለው ነገር አለ ወይ? እምቢ የማይለኝ ከሆነ ዝሆኑ ሠራተኛ ነው፤ እኔም አለቃው ነኝ።

«እዚያ ናይሮቢስ ቢሆን ጎብኚ መጥቶ ማየቱ ያው ትርዒት አይደል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በከፊል። ግን ትርዒቱ ከ24 ሰዓት አንዷ ሰዓት ናት፤ ሃያ ሦስቱ የግልገሎቹ ናቸው። የእኛ የመግቢያ ገንዘብ ወተት ይገዛል፣ የሞግዚት ደመወዝ ይከፍላል። በዚህ ከተስማማን አንዲቷን ሰዓት ይቅር እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። እኛም እኮ የዝሆን መጠለያ አለን! ባቢሌ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ ከሐረር በስተደቡብ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆዎች የተዘረጋ፣ ወደ 7 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያኮራ ነው። መሬት ላይ ግን መጠለያው ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ ታርሷል፣ ዛፉ ከሰል ሆኗል፣ ዝሆኑም ለጥርሱ ይገደላል። የቀሩት በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ታይላንዶችን ታፔላ ቀየሩ ብዬ ስስቅ፣ የእኛው ታፔላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተሰቅሎ ከጀርባው የቀረው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፍቷል። ገመድ የሌለው መጠለያ ማለት ይኸው ነው።

ወዳጄ «ሰው ይቅደም» ሊለኝ ነው። ይቅደም! ግን እስቲ ልጠይቀው፤ ባቢሌ ውስጥ ዝሆኑ ሲያልቅ የትኛው ድሃ ጠገበ? ከሰል የሚያከስለው ምስኪን ዛሬም ምስኪን ነው። በቆሎው በሌሊት በዝሆን ሲረገጥበት የሚክሰው የለም፤ ዝሆኑም የሚሄድበት የለውም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ባቢሌ ላይ ግን ችላ ያሉት ሌሎች ናቸው፤ ሰውዬው፣ ዝሆኑና ሳሩ አብረው ተጎዱ። ናይሮቢ ያየኋቸው ሞግዚቶች ኬንያውያን ናቸው። በዝሆን ጥርስ ያልከበሩ፣ በዝሆን ወተት ደመወዝ የሚበሉ። ሰው እንዲቀድም ዝሆን ማለቅ እንደሌለበት ከእነሱ የተሻለ ምስክር የለኝም። እንዲያውም «ሰው እያለቀ» ብሎ ለእንስሳ ጊዜ የሚያጣ፣ ለሰውስ ሲደርስ ያየው አለ? እኔ አላየሁም። ይህቺ ንግግር ለሰው የማትሠራ፣ ለዝሆንም የማታሠራ የስንፍና መሸሸጊያ ናት።

ደግሞ ታሪካችንን እንወቅ። ዝሆን የገደለ የሚፎክርበት፣ የሚሸለምበት፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ የሚያንጠለጥልበት አገር ልጆች ነን። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስና ከጥርሱ የተሠሩ ዕቃዎች ሲቃጠሉ ብዙዎቻችን «ምን አለ ቢሸጥና ትምህርት ቤት ቢሠራበት!» ብለን አዝነናል። እኔም ብያለሁ። ቢሸጥ የሚገዛው ሰው ነገ ሌላ እንደሚፈልግ፣ ያ ሌላው ደግሞ ባቢሌ ውስጥ በሕይወት እንዳለ አላሰብኩም ነበር።

በልጅነቴ ቤታችን ቡፌ ላይ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸች ትንሽ አንበሳ ነበረች። የእንግዳ ብርጭቆዎቹ መካከል ትቀመጣለች። እኛ ልጆች እጃችንን ስንዘረጋ «እንዳትነካ! ትሰበራለች!» እንባላለን። አልነካናትም፤ እስከ ዛሬ ሳትሰበር አለች። ናይሮቢ ገመዱ ጋ ቆሜ ያቺ አንበሳ ትዝ አለችኝ። የሞተውን ዝሆን ጥርስ አትንኩ ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ሕይወት ያለውን ልንነካ ካልተፈቀደልን ተበደልን እንላለን። ለጥርሱ ያሳየነውን ጥንቃቄ ለባለ ጥርሱ ነፈግነው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው። አዎን፣ ሰው በሚቸገርበት ዘመን ዝሆን ሳይ ዋልኩ። ያየሁት ግን ሰዎችንም ነው፤ በረት ውስጥ የሚያድሩ፣ በየሦስት ሰዓቱ የሚነሱ፣ ያሳደጉት ጥሏቸው እንዲሄድ የሚለፉ ሰዎችን። ይህን ትዕግሥት ለዝሆን ያላጣ ሰው ለሰው ያጣል ብዬ አልፈራም። እናንተም አንድ ቀን ናይሮቢ ብትሄዱ እዩዋቸው፤ ገመዱን ግን አትለፉ። ከዚያ ስትመለሱ ደግሞ ስለ ባቢሌ ጠይቁ፤ የሚመለከታቸውን፣ የመረጣችኋቸውን፣ ራሳችሁንም። እዚያ ገመድ የሚዘረጋ እስኪገኝ ድረስ «መጠለያ» የሚለውን ታፔላ ብናወርደው ይሻላል፤ ቢያንስ ውሸቱ ይቀርልናል።