የምጣዱ ጢስና የአባወራው ኪስ
ነቀምቴን በማለዳ ከፍ ካለ ስፍራ ለሚመለከታት፣ ከየጓሮው የሚወጣው ጢስ ያማረ ይመስላል፤ ከምጣዱ አጠገብ ለምትቀመጠው ግን ዓይንና ሳንባ የሚፈጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ወለጋ ለምለም ነውና ማገዶ አይቸግርም ይባላል፤ ልምላሜው ግን ጢሱን አያስቀርም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ፣ ሲሚንቶና አሸዋው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው፣ ሦስቱ ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት እስከ ግማሽ ያድናል፤ ጢሱንም ያሳንሳል። ታዲያ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ በየቤቱ ያልገባው ስለ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ገንዘብ ያዡ አባወራ ጢሱን ስለማይቀምሰው ነው። እኛ የተማርነው ወጣቶችም ብንሆን ለሱፍ ልብስ ስንከፍል ቅር አይለንም። ይህን የሚጠራጠር ወዳጅ ቢኖር፣ ማድ ቤት ገብቶ አምስት እንጀራ እስኪወጣ ይቁም።