የግቢ በር በካሬ ሲሸጥ ገዢው ምን ይገዛል?

በሐዋሳ ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚመጣ ደንበኛ፣ ደላላው ይዞት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ሳሎኑን ሳይሆን የግቢውን በር ነው። በሩ ሰፊና አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ የዋጋው ድርድር ገና ከውጭ ሳለ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ደላሎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ቤቱን ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ባለቤቱን «በሩን ብቻ ቀባ አድርገው» ማለታቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ያ በር ሲሠራ ስንት ኪሎ ብረት እንደገባበት፣ በስንተኛው ዓመት እንደሚንጋደድና ሲንጋደድ ማን እንደሚያቃናው የሚጠይቅ ገዢ ብዙም አያጋጥምም።

ነገሩን ከስሙ ለመጀመር ያህል፣ «ጋራዥ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የሚያስታውሰው ሞተሩ የወረደ መኪናና ግራሶ የነካው ሜካኒክ ነው። በአሜሪካ ግን ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የመኪና ማደሪያ ክፍል ሲሆን፣ በሩ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ክብደቱንም የሚሸከምለት የተጠመዘዘ ሞላ ነው። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ ለመዝጋት ተሰልቶ የተሠራ ነው። በቀን 4 ጊዜ የሚከፈት በር ሞላውን 7 ዓመት ሳይሞላ ይጨርሳል ማለት ነው። አንድ ሙሉ የጥገና ንግድ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው፤ ጠጋኙ መቼ እንደሚጠራ፣ ባለቤቱም መቼ እንደሚከፍል አስቀድመው ያውቃሉ። የሐዋሳው ባለቤት ግን መኪናውን የሚያሳድረው በግቢው ውስጥ በመሆኑ የእርሱ የጋራዥ በር የግቢው በር ነው። ለዚህ በር ደግሞ ዕድሜውን ያሰላለት ሰው የለም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ በር የሚያሠራ ሰው አጥታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲው፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫነት ተራ በተራ ቤት ፈላጊ አምጥተውላታል። እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ውጭ ስትሆን ፓርኩ ክፉኛ ተጎድቷል። አጥርና በር ግን ቤቱ ሳያልቅም ይሠራል፤ ብዙ ሰው ቦታውን እንደያዘ የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው በዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። የግቢ በር የሚሸጠው በካሬ ነው። ባለቤቱ ወደ ብየዳ ቤት ሄዶ «ካሬው ስንት ነው?» ይላል፤ በያጁ ዋጋ ይጠራል፤ ባለቤቱ ሦስት አራት ቤት ጠይቆ ርካሹ ዘንድ ይመለሳል። በዚህ ድርድር ውስጥ ስፋቱ ተነግሯል፣ ቀለሙ ተነግሯል፣ አንዳንዴም የአበባው ጌጥ በስልክ ፎቶ ታይቷል። ያልተነገረው ውፍረቱ ነው፤ ቢነገርም ያልተለካው እርሱ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ በር 10 ካሬ ነው። ይህን ለመሸፈን ባለ 1 በ2 ሜትር ላሜራ አምስት ያስፈልጋል። ብረት በአንድ ካሬ በየሚሊሜትሩ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 1.5 ሚሊ አንድ ላሜራ 23.5 ኪሎ፣ አምስቱ 118 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። በያጁ በ1.5 ተስማምቶ በ1.2 ቢሠራ ግን ጠቅላላው ወደ 94 ኪሎ ይወርዳል። የጎደለው 23.5 ኪሎ ነው፤ ማለትም የአንድ ሙሉ ላሜራ ክብደት። ገዢው የአምስት ላሜራ ከፍሎ የአራት ወስዷል፤ ካሬው ግን 10 ስለሆነ በሜትር ቢለካ ምንም አልጎደለም። በቱቦላሬው ላይም ተመሳሳይ ጨዋታ ይቻላል፤ የጎኑ ስፋት ከውጭ ይታያል፣ የግድግዳው ውፍረት ግን ሁለቱ ጫፎች ከተበየዱ በኋላ ማንም አያየውም።

ይህ ጨዋታ ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን ዋጋው ከፍ ብሏል። ላሜራው በአገር ውስጥ ፋብሪካ ቢቆረጥና ቢታጠፍም መነሻው የጥቅል ብረት ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብረቱ ሲወደድ ባለቤቱ የድሮውን የካሬ ዋጋ ይዞ ይከራከራል፤ በያጁ ዋጋውን መጨመር ሲያቅተው ውፍረቱን ይቀንሳል። የዋጋ ንረት በወረቀት ላይ ሳይታይ በላሜራው ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

በያጆቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሐቀኛው በያጅ «የእኔ 1.5 ነው» ብሎ እውነተኛውን ዋጋ ቢጠራ፣ ጎረቤቱ 1.2 ይዞ ያንኑ «1.5 ነው» ብሎ ይቀንስበታል። ገዢው ልዩነቱን ማየት ስለማይችል ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ ሐቀኛውም ወይ ይከስራል ወይ እንደ ጎረቤቱ ይሆናል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውና በኋላ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ያባርረዋል። የሐዋሳ ብየዳ ቤቶች ለዚህ ትምህርት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም።

ውፍረቱ ያነሰ በር ወዲያው አይወድቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ክረምት በቀለሙ ያልፋል። ዝናብ ከታችኛው ቱቦላሬ ውስጥ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በሩ ሲሠራ በታችኛው ብረት ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ቢበሳ ውኃው ይወጣ ነበር። ባለቤቱ የሚያየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ቀለሙ ሲያብጥ ነው። ያኔ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ ቀቢውም ዝገቱን ሳይፍቅ ከላይ ይደርብበታል። የተንጋደደውም ክንፍ ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ሁለት ሜትር ወርድ ያለው ክንፍ ክብደቱን ሁሉ የሚጎትተው በላይኛው ማጠፊያ ላይ ስለሆነ፣ ማጠፊያው ወይም ያቀፈው ምሰሶ ቀስ በቀስ ይሸነፋል። የሰፈር ልጆች ተንጠልጥለው ሲወዛወዙበት ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። ከዚያ የበሩ ጫፍ ሲሚንቶውን መፋቅ ይጀምራል፤ መወርወሪያው ቀዳዳውን ይስታል። ባለቤቱ በያጅ ጠርቶ መወርወሪያውን ዝቅ አድርጎ ያስበይዳል። በሩ ግን መውረዱን አላቆመም፤ በዓመቱ መወርወሪያው እንደገና ዝቅ ይላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ተንሸራታቹ በር ነው። ባለ 10 ካሬ በር ከነቱቦላሬው ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ከታች ሁለት ጎማዎች ሲሆኑ፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከላይ ያለው መሪ ነው። ሐዲዱ አሸዋ ሲሞላና ኩሽኔታው ሲደርቅ ዘበኛው በትከሻው ይገፋል። በሐዲዱ መጨረሻ ማቆሚያ ካልተበየደ በሩ ከመሪው ወጥቶ በገፋው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማቆሚያው ከቁራጭ ብረት የሚሠራ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በሪሞት የሚከፈቱ በሮች ሲጨመሩ ደግሞ ጥንቃቄው ሊጨምር ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ የቤት ጋራዥ በር መክፈቻ ሁሉ ሰው ወይም ሕፃን ከሥሩ ሲያገኝ የሚመለስበት መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ተደርጓል። ሞተሩን የሚገጥመው ባለሙያ የዓይን መቆጣጠሪያውን «ዋጋ ለመቀነስ» ልተወው ቢል ባለቤቱ እሺ ማለት የለበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከመንግሥት መመሪያ የሚጠበቅ አይደለም። በሩ በካሬ መሸጡ ቀርቶ በኪሎ ይሸጥ፤ ቢያንስ የካሬው ዋጋ ሲጠራ የላሜራውና የቱቦላሬው ውፍረት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ገዢው ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ቀን ካሊፐር ይዞ ይሂድ፤ ካሊፐር ከሌለው ላሜራው ሳይቆረጥ አንዱን ሚዛን ላይ ያስወጣው። 23 ኪሎ ተኩል የሚሆነውን 18 ኪሎ ሆኖ ካገኘው ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ይህን የሚያደርጉ ገዢዎች ጥቂት ቢሆኑም በያጁ ማን እንደሚለካ አስቀድሞ ስለማያውቅ ለሁሉም ይጠነቀቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ባለሀብቶችን የሚመለከት ነው። በከተማዋ አዲስ በር የሚሠራ ሞልቷል፤ የተሠራውን በር የሚከታተል ግን ቋሚ ድርጅት ይጎድላል። በያጁ ጥገናን እንደ ውለታ ነው የሚያየው፤ ስልክ ተደውሎ «ነገ እመጣለሁ» ይባላል፣ ነገ ግን አዲስ ሥራ ይመጣል። አንድ ድርጅት በአንድ ሰፈር መቶ በሮችን በዓመታዊ ውል ቢይዝ፣ ሁለት ሠራተኛና አንድ ባጃጅ ይበቁታል። ሥራው ማጠፊያና ኩሽኔታ በግራሶ ማርካት፣ ሐዲድ መጥረግ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ማጠናከር፣ ዝገቱን ፍቆ አንቲረስት መቀባት ነው። የሱቆች ተጠቅላይ በርም በዚሁ ዙር ሊታይ ይችላል።

ተቃውሞ አይጠፋም። «ያልተሰበረ ነገር ለማሠራት ማን ይከፍላል?» የሚሉ ይኖራሉ፤ በተለይ አከራዮች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ኪራዩም እንደፈለጉ እንዳይጨመር ደንግጓል። ተግባራዊ በሚሆንበት ከተማ አከራዩ «ኪራዩ ካልጨመረ በሩን ለምን ልጠግን?» ማለቱ አይቀርም፤ ተከራዩም «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል። በመሐል በሩ ይዝጋል። ይህ ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ስለሆነም የዓመታዊ ውሉ የመጀመሪያ ደንበኞች በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ባለመኪኖችና በሩ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ የሚከፈትባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች መሆናቸው አይቀርም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከአዲስ አበባ የሚወርደው መኪና ብዛት ብቻ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱን ሊያሳምነው ይችላል።

ለውሉ ጥሩው ወቅት መስከረም ነው። ዝናቡ ሲያባራ ብረቱ ስለሚደርቅ ዝገት ለመፋቅም ቀለም ለመቀባትም ይመቻል። ባለቤቱም ለበዓል ቀለም የሚያስበው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ቀቢው ባልዲውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት በያጁ ግራይንደሩን ይዞ ቢቀድመው ሁለቱም ሥራቸውን በቅደም ተከተል ይሠራሉ።